ያዥና ተያዥ፤ የእንግሊዝኛው «ጌት» እና የአማርኛው «ያዘ»

«ጌት» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ በጽሕፈት ሦስት ፊደል ብቻ ነው። ተማሪው ገና በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት ይተዋወቀዋል። ይሁን እንጂ እንግሊዝኛ ለማስተማር የምትሠለጥኑ እጩ መምህራን በተማሪዎቻችሁ ደብተር ውስጥ ብዙ ስሕተት የምታዩት በረጃጅሞቹ ቃላት ላይ ሳይሆን እንዲህ ባሉት ትንንሽ ግሶች ላይ ነው። «ፎቶሲንተሲስ» የሚለውን ቃል ተማሪው አንድ ጊዜ ከተማረው አይሳሳተውም፤ ፍቺው አንድ ብቻ ነዋ! «ጌት» ግን ዛሬ በአንድ መልክ ይመጣል፤ ነገ በሌላ።

ብዙውን ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው «ጌት ማለት አገኘ» የሚል ነው። ይህ ሐሰት አይደለም። «ሺ ጎት ኤ ጆብ» ቢባል «ሥራ አገኘች» ነው። ታዲያ ይህንኑ የያዘ ተማሪ «ኢት ጎት ዳርክ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲገጥመው «ጨለማ አገኘ» ብሎ ይጽፋል። «ዊ ጎት ሆም» ሲባል «ቤት አገኘን» ይላል፤ ሰዎቹ ግን ቤታቸው ደረሱ እንጂ ቤት አላገኙም። «ዘይ ጎት ማሪድ» የሚለውንማ ምን ያድርገው? በይጁቤና በአካባቢዋ ትምህርት ቤቶች የማስተማር ልምምድ የሚከታተል ሰው እንዲህ ያለውን ትርጉም ደጋግሞ ማየቱ አይቀርም። ተማሪው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። በተሰጠው ፍቺ በትክክል ሠርቶበታል፤ የጎደለው የተሰጠው ፍቺ ነው።

ነገሩ የሰዋስው ጣጣ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ የሥነ ሕይወቱም፣ የኬሚስትሪውም፣ የታሪኩም መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው። ያን ጊዜ «ጌት»ን ያልያዘ ተማሪ የሚሳነው እንግሊዝኛው ብቻ አይደለም፤ ትምህርቱ ሁሉ ነው። ስለዚህ ይህ ግስ ከየት እንደ መጣ፣ ለምን ይህን ያህል ፍቺ እንደ ተሸከመ፣ ለኛ ተማሪዎችስ ከየት ተነሥተን ብናስተምረው እንደሚቀና እንመልከት።

«ጌት» እንግሊዞች ከአያቶቻቸው በቀጥታ የወረሱት ግስ አይደለም፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ8ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ቫይኪንግ የሚባሉት የስካንዲኔቪያ ባሕረኞች እንግሊዝን ይወርሩ ነበር። በ793 የሊንዲስፋርንን ገዳም መዝረፋቸው በታሪክ የታወቀ ነው። በኋላ ግን ብዙዎቹ በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ መሬት ይዘው ቀሩ፤ አረሱ፤ ከአገሬው ጋር ተጋቡ። ከዚህ መቀላቀል የተነሣ ብዙ ቃላቸው ወደ እንግሊዝኛ ገባ። «ስካይ»፣ «ኤግ»፣ «ሎው»፣ «ሐዝባንድ»፣ «ቴክ» የሚሉት ሁሉ የእነሱ ናቸው። «ዘይ» የሚለው ተውላጠ ስም ሳይቀር ከእነሱ የተወሰደ ነው። «እነሱ» የሚለውን ቃል እንኳ ከጎረቤት እስከ መበደር የደረሰ ሕዝብ እንደምን ቢቀላቀል ነው!

ከነዚህ ጋር «ጌታ» የሚል ግስ ገባ። (ከኛው «ጌታ» ጋር ዝምድና የለውም፤ ድምፁ ነው የተመሳሰለው። እንዲህ ያለውን መመሳሰል እያዩ ዘር ቈጠራ የሚጀምሩ ሰዎች ስላሉ ነው ይህን ማንሣቴ።) ፍቺው ማግኘት፣ መድረስና መውለድ ነበር። ዛሬ «ጌት» ከሚሸከመው ጓዝ መካከል ማግኘትና መድረስ ገና ከዚያው ይዞት የመጣው ነው ማለት ነው።

እንግሊዞቹም ቢሆኑ የዚህ ግስ ዘመድ ነበራቸው፤ ብቻውን ግን አይቆምም፤ ከፊቱ ምዕላድ ይፈልግ ነበር። «ቢጌት»፣ ማለትም ወለደ፣ ከዚያ የቀረ ነው። «ፎርጌት»፣ ማለትም ረሳ፣ እንዲሁ። «ኦንጊየታን» የሚባል ሦስተኛ ግስም ነበራቸው፤ ዛሬ ጠፍቷል፤ ፍቺው «ተረዳ፣ አስተዋለ» ነበር። የቋንቋ ተመራማሪዎች እነዚህን ሁሉ ወደ ኋላ ተከትለው ወደ ሕንድና አውሮፓ ቋንቋዎች ጥንታዊ ሥር ሲደርሱ የሥሩን ፍቺ «መያዝ፣ መጨበጥ» ሆኖ አግኝተውታል። ከዚያው ሥር ላቲን «ፕሬሄንዴሬ» የሚል ግስ አለው፤ መጨበጥ ማለት ነው። «ኮምፕሬሄንድ»፣ ተረዳ፣ ከዚህ ይወጣል። «አፕሬሄንድ»፣ ወንጀለኛ ያዘ፣ ከዚህ ይወጣል። «ፕሪዝን»፣ እስር ቤት፣ በፈረንሳይኛ በኩል ከዚሁ የመጣ ነው። ፈረንሳዮች «ተማረ» ለማለት «አፕራንድር» ይላሉ፤ ከዚያም «አፕሬንቲስ» የሚለው ቃል ተገኘ፤ ሙያ ለመያዝ ከባለሙያ ሥር የሚውል ለማጅ ማለት ነው። እስረኛና ለማጅ በቃል የሥጋ ዘመዳሞች መሆናቸውን ማን ይጠረጥራል? አንዱ ተይዟል፤ ሌላው እየያዘ ነው።

«ፎርጌት»ም በዚህ መንገድ ሲፈታ ይገባል፤ የያዙትን መልቀቅ ነው።

እንግዲህ የ«ጌት» ጥንተ ነገሩ «አገኘ» ሳይሆን «ያዘ» ከሆነ፣ የኛ «ያዘ»ስ ምን ታሪክ አለው?

የ«ያዘ» አባት የግዕዙ «አኀዘ» ነው። ቅኔ ቤት የገባችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ያልገባችሁም በጸሎተ ሃይማኖት «አኃዜ ኵሉ» የሚለው በአማርኛው «ሁሉን የያዘ» መባሉን ልብ በሉ። ከግዕዝ ወደ አማርኛ ሲመጣ የጠፋው የጉሮሮ ድምፅ ነው። ይህ የአማርኛ የዘወትር ጠባይ ነው፤ «በልዐ» በላ ሆኗል፤ «ሰምዐ» ሰማ ሆኗል፤ «ርእየ» አየ ሆኗል። ትግርኛ ግን «ሓዘ» ብሎ የጉሮሮውን ድምፅ እስከ ዛሬ ጠብቆታል። ዐረቦች «አኸዘ» ሲሉ ወሰደ ማለታቸው ነው። በዕብራይስጥ «አሐዝ» ያዘ ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቀው የይሁዳ ንጉሥ የአካዝ ስም ከዚሁ የወጣ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የጥንቱ የባቢሎንና የአሦር ሰዎች የተናገሩት፣ በሸክላ ጽላት ተቀርጾ የተገኘው አካድኛ ነው። በዚያ ቋንቋ «አኻዙ» ማለት ያዘ ነው፤ ሚስት አገባም ማለት ነው፤ ከዚያም አልፎ ተማረ፣ ዐወቀ ማለት ነው። (የኛ አማርኛ ለሚስት «አገባ» ይልና «ያዘ»ን ለወዳጅ ትቶታል።) ይኸው ግስ በአስደራጊ ሲረባ ደግሞ «አስተማረ» ይሆናል። እኛ «ሙያ አስያዘው»፣ «በቃሉ አስያዘው» እንደምንለው መሆኑ ነው። ከላቲን ልጆች «አፕሬንቲስ» ከወጣ፣ ከሴም ቋንቋዎች ደግሞ አስተማሪን «አስያዥ» የሚል ግስ ከወጣ፣ ሁለት የማይዛመዱ የቋንቋ ቤተሰቦች መማርን ከእጅ ሥራ ጋር አንድ አድርገው አይተውታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «አዘዘ» እና «ትእዛዝ» ከዚህ ቤተሰብ አይደሉም፤ ሥራቸው ሌላ ነው። «ይዘት»፣ «ይዞታ»፣ «መያዣ»፣ «አያያዝ»፣ «ተያዥ» ግን ሁሉም የ«ያዘ» ልጆች ናቸው።

የ«ያዘ»ን የፍቺ ብዛት ለማየት መዝገበ ቃላት መግለጥ አያሻም። እዚህ ይጁቤ ገበያ ወጥቶ ግማሽ ቀን ጆሮውን የሰጠ ሰው ይበቃዋል። ገበሬው በጧት መንገድ ይይዛል። ቀድሞ የመጣ ቦታ ይይዛል። «ይኸ ማድጋ ስንት ይይዛል?» ተብሎ ይጠየቃል። ብርሌ የምታቀብል ሴት «ያዝ እንጂ!» ትላለች። ሁለት ባለ ጉዳዮች ቀጠሮ ይይዛሉ። አንዱ በሌላው ቂም ይዞበታል። የዚያ ሰውዬ ጊደር ፅንስ ይዛለች። የዘንድሮው ጤፍ ፍሬ ይዟል። ጥጡ ቀለም አልያዘም። የቄሱ ልጅ ዳዊቱን በቃሉ ይዟል። ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ የነበረውን ወባ ይዞታል። ሌባው ተይዟል። እናቱን ገበያ መካከል ያጣ ሕፃን ማልቀስ ይዟል።

በዚህ የመጨረሻው ላይ ቆም እንበል። «ማልቀስ ያዘ» ማለት ማልቀስ ጀመረ ማለት ነው። ይህ የገበያ አማርኛ ፈሊጥ ብቻ አይደለም፤ ግዕዙም «አኀዘ»ን ከሌላ ግስ ፊት አስቀድሞ «ጀመረ» ለማለት ይጠቀምበታል። እንግሊዝኛውስ? «ሌትስ ጌት ጎዊንግ» ሲል «እንጀምር፣ እንሂድ» ማለቱ ነው። «ዘይ ጎት ቶኪንግ» ሲል ወሬ ያዙ ማለቱ ነው። መያዝ እጅ መጣል ነው፤ እጁን የጣለ ሰው ደግሞ ሥራውን ጀምሯል። ሁለቱም ቋንቋዎች አንዱ ሌላውን ሳያይ አንድ ቦታ ደረሱ።

ፅንሱም እንዲሁ ነው። እኛ «ፅንስ ያዘች» እንላለን። ከ«ጌት» ወገን ደግሞ «ቢጌት» ወለደ ሆኖ ቀርቷል።

በነገራችን ላይ፣ ከእንግሊዝኛ ግሶች ሁሉ በፍቺ ብዛት የታወቀው «ጌት» አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመው በታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም ከሁሉ የረዘመ ቦታ የወሰደው «ሰት» የሚለው ግስ ሲሆን፣ 430 ያህል ፍቺ ተሰጥቶታል። ስለዚህ የ«ጌት»ን ፍቺዎች ሁሉ ቆጥሬ ለተማሪዎቼ እሰጣለሁ ብሎ የሚነሣ መምህር አስቀድሞ ቢያስብበት ይሻላል። አማርኛ የሚማር አንድ እንግሊዛዊ «ያዘ ማለት ሆልድ ነው» ተብሎ ቢሰጠውና «ዳኛው ቀጠሮ ያዘ»፣ «ጤፉ ፍሬ ያዘ»፣ «ዝናብ ያዘኝ» የሚሉትን ቢሰማ የሚደርስበትን ግራ መጋባት አስቡት። የኛ ተማሪ ከ«ጌት» ጋር ያለበት ሁኔታ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሁለቱ ግሶች ይህን ያህል ከተመሳሰሉ ታዲያ ተማሪው የሚሳሳተው የት ላይ ነው? በኔ አስተያየት ዋናው ስሕተት ከፍቺው ይልቅ በአቅጣጫው ላይ ነው። ያዡ ማነው? ተያዡስ?

በአማርኛ ወባ ያዘኝ እንላለን። ጉንፋን ያዘኝ፣ ዝናብ ያዘኝ፣ ፍቅር ያዘኝ፣ ይሉኝታ ያዘኝ፣ ሥራ ያዘኝ። በነዚህ ሁሉ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት በሽታው፣ ዝናቡ፣ ፍቅሩ ነው። ሰውዬው ተሳቢ ነው፤ በግሱ ጫፍ ላይ «ኝ» ሆኖ ተንጠልጥሏል። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ደከመኝ፣ በረደኝ ስንልም ያው ነው። እንግሊዝኛው ግን ሰውዬውን ከፊት ያስቀምጠዋል፤ «አይ ጎት ማላሪያ»፣ «አይ ጎት ታየርድ»፣ «አይ ጎት ኮልድ»። ያዥ የነበረው ተያዥ፣ ተያዥ የነበረው ያዥ ሆነ። ተማሪው «ያዘ» እና «ጌት» መመሳሰላቸውን ደመ ነፍሱ ነግሮት ነገር ግን አቅጣጫውን ሳይገለብጥ «ማላሪያ ጎት ሚ» ብሎ ይጽፋል። ይህ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ፈጽሞ ትርጉም የለውም ማለት አይደለም፤ አለው፤ የባሰ ትርጉም ነው ያለው። «ማላሪያ ጎት ሂም» ሲባል ሰው የሚረዳው በሽታው በመጨረሻ እንዳሸነፈው፣ እንደ ገደለው ነው። አሟት ከትምህርት ቤት የቀረች ተማሪ ለእንግሊዝኛ መምህሯ እንዲህ ብላ ብትጽፍ ራሷን ቀበረች ማለት ነው።

የሥነ ሕይወቱን መጽሐፍ ደግሞ እንመልከት። ስለ ወባ ሲያስተምር ሰው በሽታውን በተለከፈች ትንኝ ንክሻ እንደሚይዘው ለመግለጽ «ፒፕል ጌት ማላሪያ ፍሮም...» ሊል ይችላል። ቀጥሎ ደግሞ ትንኟ ጥገኛ ሕዋሱን ከየት እንዳመጣችው ሲናገር «ዘ ሞስኪቶ ጌትስ ዘ ፓራሳይት ፍሮም...» ሊል ይችላል፤ ከታመመ ሰው ደም መሆኑ ነው። ግሱ አንድ ነው። በመጀመሪያው ባለቤቱ ሰው ነው፤ በሁለተኛው ትንኝ ናት። በአማርኛ ስናመጣው ግን ሰውን «ወባ ይይዘዋል» እንላለን፤ ትንኟን «ትወስዳለች» እንላለን። «ጌት ማለት አገኘ» የሚለውን ብቻ የያዘ ልጅ ሰው ወባን ያገኛል፣ ትንኝም ታገኛለች ብሎ ይሄዳል፤ ማን ለማን እንዳስተላለፈ ግን አልጨበጠም። ለባሶ ሊበን ቆላ ልጅ ይህ የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም። አጎበሩ ለምን እንደሚዘረጋ፣ የታመመው ሰው ቶሎ መታከሙ ለቤተሰቡም ለምን እንደሚጠቅም የሚገባው በዚህ ዑደት ነው።

አንዳንድ ሰዎች ከዚህ ተነሥተው እንግሊዛዊ በሽታውን የሚያዝዝ፣ እኛ በሽታ የሚያዝዘን አድርገው የሕዝብ ጠባይ ሊያወጡበት ይሞክራሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። አማርኛም በሌላ ቦታ ሰውን ያዥ ያደርጋል፤ ሥራ ያዘ፣ ሙያ ያዘ፣ መንገድ ያዘ። እንዲያውም የኛ ቋንቋ በያዥና በተያዥ መጫወት ይችልበታል። ገንዘብ ያዥ ሲቀጠር ተያዥ ጥራ ይባላል፤ ያዡ ያጎደለ እንደ ሆነ ተያዡ ይያዛል!

ሌላው የስሕተት ምንጭ እንግሊዝኛ በ«ጌት» የሚሠራውን አማርኛ በአንድ ፊደል የሚሠራው መሆኑ ነው። ይህን እጩ መምህራን በደንብ ብታዩት እወዳለሁ። «ኢት ጎት ዳርክ» ማለት ጨለመ ነው፤ አማርኛው ግሱ ራሱ የመለወጥን ነገር ስለያዘ ረዳት አያስፈልገውም። «ሂ ጎት ሐርት» ተጎዳ ነው፤ «ጌት»ን የተካችው «ተ» ናት። «ዘይ ጎት ማሪድ» ተጋቡ ነው፤ እዚህም «ተ»። «ሺ ጎት ሂም ቱ ሳይን» ደግሞ አስፈረመችው ነው፤ አምስት የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል ገባ፤ የ«ጌት»ን ሥራ የሠራችው «አስ» ናት። እንግዲህ ተማሪው በእንዲህ ያለው ቦታ ላይ የ«ጌት»ን ትርጉም ቃል አድርጎ ቢፈልግ አያገኝም። ትርጉሙ ቃል አይደለማ፤ ምዕላድ ነው።

«ጌት አፕ»፣ «ጌት ኢን»፣ «ጌት ኦፍ» የመሳሰሉትን ግን ብዙ ባንፈትላቸው ይሻላል። ሁለቱን ቃል እንደ አንድ ግስ አድርጎ በእንቅስቃሴ ማስተማር ይበቃል። ደብረ ማርቆስ ደርሶ የተመለሰ ልጅ ሁሉ መሳፈርንና መውረድን ያውቃል። አንድ ልዩነት ብቻ ንገሩት፤ አውቶቡስ ላይ ሲወጣ «ጌት ኦን» ነው፤ ታክሲና ባጃጅ ውስጥ ሲገባ «ጌት ኢን» ነው።

«ጎትን» ስለሚለውም ተማሪዎች ይጠይቃሉ፤ በአሜሪካ ፊልም ሰምተውት ነው። ስሕተት አይደለም። የጥንቱን መልክ አሜሪካኖች ይዘውት ሲቀሩ እንግሊዞች በአብዛኛው ትተውታል፤ «ፎርጎትን» በሚለው ላይ ግን እንግሊዞቹም አልተዉትም።

ከዚህ ይልቅ ሊነገር የሚገባው የአጻጻፍ ደረጃ ነገር ነው። «ጌት» የቤትና የሜዳ ቃል ነው። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የአዳራሹና የፍርድ ቤቱ ቃል ከፈረንሳይኛና ከላቲን መጣ፤ «ሪሲቭ»፣ «ኦብቴን»፣ «አራይቭ»። ስለዚህ ለሥራ ማመልከቻ በሚጻፍ ደብዳቤ ውስጥ «አይ ጎት ዩር ሌተር» ከማለት «አይ ሪሲቭድ ዩር ሌተር» ማለት ይመረጣል። ተማሪው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጎረቤቱ «ሌባውን ያዙት» የሚለውን ዜና ራዲዮው «በቁጥጥር ሥር አዋሉት» እያለ ሲያሰማው አይደል የሚውለው!

ሁለቱ ግሶች የሚለያዩበት አንድ ትልቅ ድንበር አለ፤ እርሱም መሬት ነው። «ጌት» የሚያመለክተው ነገሩ ወደ እጅ የገባበትን ጊዜ ነው። «ያዘ» ግን ከገባም በኋላ አብሮ ይቀመጣል። «መሬት ይዟል» ስንል መቼ እንዳገኘው አይደለም የምንናገረው፤ ዛሬ በእጁ መሆኑን ነው። ለዚህ እንግሊዝኛ «ጌት»ን ትቶ «ሆልድ» ይላል፤ የገበሬውንም ማሳ «ሆልዲንግ» ይለዋል።

ከዚሁ ግስ የወጣው «ይዞታ» የሚለው ስም በገበሬው ቤት ምን ያህል ክብደት እንዳለው የምታውቁት ነው። በጎጃም የቀድሞው ቃል «ርስት» ነበር። ርስት ከግዕዙ «ወረሰ» ይወጣል፤ ከአባት የሚወርድ ማለት ነው። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀውም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ሲደነግግ፣ ገበሬው በመሬቱ ላይ ያለው መብት በ«ይዞታ» ተጠራ። በክልላችን በ1989 ዓ.ም. በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ሰው የተነጋገረው በዚህ ቃል ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርም ዛሬ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ይገኛል። ልዩነቱ እንግዲህ በግሱ ውስጥ አለ፤ ርስት የወረሱት ነው፤ ይዞታ የያዙት ነው። ተማሪው «ይዞታ»ን «ኦነርሺፕ» ብሎ ቢተረጉም እንግሊዝኛው ያማረ ሊመስል ይችላል፤ የጻፈው ግን ሕጉ ያልሰጠውን የባለቤትነት መብት ነው። የሥነ ዜጋ ትምህርት የምታስተምሩ ሁሉ ይህን ብታርሙት መልካም ነው፤ ይህ ልጅ ነገ ለአባቱ ወረቀት የሚያነብለት እሱ ነውና።

ወደ ክፍል ውስጥ እንመለስ። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ ፈጽሞ መነገር የለበትም የሚሉ መምህራን አሉ። ምክንያታቸው ይገባኛል፤ አርባ ደቂቃው በአማርኛ ወሬ ካለቀ ልጁ እንግሊዝኛ የሚሰማው የት ነው? ነገር ግን ለ«ጌት»ና ለመሳሰሉት አምስት ደቂቃ በአማርኛ ማባከን ሳይሆን ማትረፍ ነው እላለሁ። የጎጃም ልጅ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ መሸከሙ እንግዳ አይሆንበትም። ሰምና ወርቅ የሚያውቅ፣ በቅኔ ኅብር ሲነገር የሚስቅ ኅብረተሰብ ውስጥ ነው ያደገው። ይህን ሀብት በር ላይ አስቀምጠህ ግባ ማለት አግባብ አይመስለኝም።

አሠራሩም አስቸጋሪ አይደለም። ሃያ ፍቺ ዘርዝሮ ከመስጠት ይልቅ ተማሪው ከ«ጌት» በኋላ የሚመጣውን ቃል እንዲያይ ማልመድ ነው። የተከተለው ስም ከሆነ አገኘ፣ ደረሰው፣ ተቀበለ፣ ያዘው ከሚሉት አንዱ ነው። ቅጽል ከሆነ ነገሩ መለወጡን ይናገራል፤ በአማርኛ ብዙ ጊዜ ግሱ ብቻውን ይበቃል። ቦታ ከሆነ ደረሰ ነው። ሰው ተጠርቶ «ቱ» እና ሌላ ግስ ከተከተሉት «አስ» ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ማጨቅ አይገባም፤ ለአንዱ አንድ ክፍለ ጊዜ ይሰጠው። ከዚያ በሰሌዳው ላይ በስተግራ «ያዥ»፣ በስተቀኝ «ተያዥ» ብላችሁ ሁለት ረድፍ አውጡ። «ወባ ያዘኝ» በሚለው ያዡን በአንዱ፣ ተያዡን በሌላው ይጻፍ። «አይ ጎት ማላሪያ» የሚለውንም ከሥሩ እንዲሁ ያድርግ። መገልበጡን ልጁ ራሱ ሲያየው ብዙ ንግግር አያስፈልግም።

ለመለማመጃ የሚከተሉትን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ፤ በእያንዳንዱም ያዡንና ተያዡን ለዩ። ጉንፋን ያዛት። ደብዳቤ ደረሰን። ሌባውን ፖሊስ ያዘው። መንገድ ላይ ዝናብ ያዘኝ። መሸ። ልጁን አስተኛችው። አባቴ ሁለት ጥማድ መሬት ይዟል። በአራተኛው ላይ ጠንቀቅ በሉ፤ እንግሊዝኛው «አይ ጎት ኮት ኢን ዘ ሬይን» ይላል፤ ሰውዬው ከፊት ቢቆምም ተያዥነቱ አልቀረለትም። ለመጨረሻው «ጌት»ን የተጠቀመ ደግሞ ከላይ ስለ ይዞታ የተጻፈውን እንደገና ያንብብ።